ስለ ባለቤቴ «ምክስርነት»

ለክቡር ኮች ቴዎ
የሺህ በር ኦንላይን የቢዝነስ ማሠልጠኛ መሥራች፣ ዋና አሠልጣኝና የአሠልጣኞች ሁሉ አሠልጣኝ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የባለቤቴን ፊት እንዲመልሱልኝ በታላቅ ትሕትና ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ለሚቀረጹበት ካሜራም የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ መብራት እንዳይጠፋብዎ፣ ኔትወርክ እንዳይቆራረጥብዎ፣ ከጀርባዎ የሚታየው የመጽሐፍ መደርደሪያም አቧራ እንዳይቀመጥበት በየሶላቴ ዱዓ አደርጋለሁ። በደብዳቤው ራስ ላይ «ባሉበት» ብዬ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። አድራሻዎን ለወራት ፈልጌ አጥቻለሁ፤ አንዱ ማስታወቂያዎ ባሕር ዳር ነኝ ይላል፣ አንዱ ዱባይ ነኝ ይላል፣ ሌላው ደግሞ «ቢሮዬ ዓለም ነው» ይላል፣ ዓለም ደግሞ የፖስታ ሣጥን ቁጥር የላትም።

ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ዘሊካ ይባላል፤ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የታንኳ ሠሪው የመስዑድ ባለቤት ነኝ። መስዑድን ካላስታወሱት፣ በፌስቡክና በቴሌግራም ገጾችዎ ላይ ለጣና ጀርባውን ሰጥቶ፣ የሰው ኮት ለብሶ፣ ለሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ የሚስቀው ሰው እሱ ነው። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፤ ያችን ቪዲዮ ያንሡልኝ። ይህንኑ በግል ስድስት ጊዜ ጽፌልዎ ነበር፤ ለሦስቱ ቀይ የልብ ምስል ተላከልኝ፣ ለሁለቱ «ጉዞዎን ስላጋሩን እናመሰግናለን» ተባልሁ፣ ከስድስተኛው በኋላ መልእክት መላክ ተከለከልሁ። አሁን በአደባባይ የምጽፈው ሌላ በር ስላጣሁ እንጂ ጨዋነት ጎድሎኝ አይደለም። ምክንያቱን ሳይናገሩ «አንሡ» ብቻ ማለት ደግሞ ነውር ስለሆነ፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ባለቤቴ ድሃ መሆኑን ስለነገሩት አመሰግናለሁ። እስከ ጥር ወር ድረስ አያውቅም ነበር። መስዑድ ደንገል ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ ያስራል፣ ታንኳ ይሠራል። የደንገል ታንኳ፣ የጣና ልጅ ነኝ ብለዋልና እንደሚያውቁት፣ ውሃ ይጠጣል፤ ውሎ ሲያድር ይከብዳል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ይበሰብሳል፣ ዓሣ አጥማጁም ለአዲስ ታንኳ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ በዳርቻው ሁሉ መስዑድን የማያውቅ የለም። በዚህ ሥራ ተጋብተንበታል፣ ሁለት ሴት ልጆች አሳድገንበታል፣ አንድም ቀን የሰው ፊት አላየንበትም። በጥር ግን ስልኩን ሲነካካ እርስዎ ብቅ ብለው በእጁ የሚሠራ ሰው ገና ያልነቃ ሰው መሆኑን፣ ሀብታም እጁን ሳይሆን እውቀቱን እንደሚሸጥ፣ ታንኳ እየሠሩ መኖር ዕድሜን በችርቻሮ መሸጥ እንደሆነ አስረዱት። ያን ቀን ምሳ ቀርቦ እጆቹን እያገላበጠ ሲያያቸው ደረስሁ። እነዚያን እጆች ከተጋባን ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ባለቤታቸው ሲያፍርባቸው ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ሁለተኛ፤ ተፈጥሮን ስለማዘዝዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። በየካቲት አጋማሽ አንድ ቅዳሜ «አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ከጣና ዳር በቀጥታ» ብለው ነጻውን ሥልጠና ሲሰጡ እኔም ከመስዑድ ጎን ቁጭ ብዬ ተከታትያለሁ። ከጀርባዎ ያለው መስክ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር። በመስኮቴ ወደ ውጭ ብመለከት ሣሩ ደርቆ፣ መሬቱ ነጥቶ፣ የአደይ አበባ ወሬም የለም። መስከረምን ለብቻዎ አስቀርተው በየካቲት የሚጠቀሙበት ከሆነ ለእኛም ቢያካፍሉን ብዬ ለመስዑድ ነገርሁት። እሱም ስኬታማ ሰዎች ዘንድ ውሃ እየጠጣ የሚያድግ አበባ ሊኖር እንደሚችል፣ እኔ ግን ሁልጊዜ ቀዳዳ እንደምፈልግ ገልጾ ተቆጣኝ። እውነቱን ነው፣ እፈልጋለሁ። «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» ሲባል ያደግሁ ነኝ። በሳምንቱ ቅዳሜም በቀጥታ ሲያስተላልፉ አንድ ደብተር ይዤ ተቀመጥሁ። በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ አሳልዎት፣ ውሃ ጠጡ፣ «ይቅርታ፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነው» አሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ አሳልዎት፣ ውሃ ጠጡ፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞዎት ነበር። ሳሉ እንኳ ቀጠሮ የሚያከብርለት ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ምሕረቱን ያውርድልዎ።

ሦስተኛ፤ «ሦስት ቦታ ብቻ ቀርቷል» ስለሚለው ማስታወቂያ። ከጥር ጀምሮ እስከዚህ እስከ ግንቦት ድረስ ሦስት ቦታ ብቻ ቀርቷል። የትምህርት ቤታችንን የሒሳብ መምህር ጠየቅሁት፤ እሱም አልገባውም። በረከት ነው ብለን ትተነዋል።

አራተኛ፤ ስለ ትምህርቱ ይዘት። መምህር ነኝና ከክፍያው በፊት የትምህርት ዕቅዱን ለማየት ጠይቄ ነበር፤ ረዳትዎ «ስኬት በዕቅድ አይታጠርም» አሉኝ። ስለዚህ መስዑድ ሲማር እኔ ከጓዳ እየሰማሁ ዕቅዱን በራሴ ጻፍሁት። በመጀመሪያው ሳምንት ማመን ነው። በሁለተኛው የሚመኙትን ገቢ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው፤ የእኛ አሁንም እዚያው አለ፣ ልጆቼ የማን ስልክ ቁጥር ነው ብለው ይጠይቁኛል። ሦስተኛውን ሳምንት ለብቻው አነሣዋለሁ። በአራተኛው ነጻው ሥልጠና መግቢያ ብቻ እንደነበረ፣ የተከፈለበትም ገና ደጃፉ እንደሆነ፣ እውነተኛው ምሥጢር ያለው «በውስጠኛው ክበብ» እንደሆነ ይነገራል። መስዑድ ውስጠኛው ክበብም ገባ። እዚያ የተነገረው ምሥጢር በአጭሩ «አንተም አሠልጥን» የሚል ነበር። ምን ላሠልጥን ቢል፣ ሌሎች እንዲያሠለጥኑ አሠልጥን። እነሱስ ማንን ያሠልጥኑ ቢል፣ ትልቅ አስብ። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚሉት ሰዎች ቢያንስ ላም አለኝ ይሉ ነበር፤ እርስዎ ግን ላሚቱንም ሳያነሡ የማለብ ሥልጠና መሸጥ ችለዋል፣ እደነቃለሁ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤቴ መጀመሪያ ያሰበው ደንገል እንዴት እንደሚታጨድ፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ እንዴት ጠብቆ እንደሚታሰር በቪዲዮ ለማስተማር ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ስለሆነ እኔም ደግፌው ነበር። እርስዎ ግን ገበያው ጠባብ ነው፣ ታንኳውን ተወውና ስለ ታንኳ ተናገር ብለው መከሩት። «የሕይወትህን ታንኳ ራስህ ቅዘፍ» የሚለው ሥልጠና የተወለደው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሰው ገባ። መስዑድ ደስታውን አልቻለውም፤ ሸሚዙን ተኩሼለት፣ ልጆቹን ጎረቤት አስቀምጬለት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ሲጨርስ ዘጠኙም ተራ በተራ አመስግነው ተራ በተራ የራሳቸውን ሥልጠና እንዲገዛ ጋበዙት። ሁሉም የእርስዎ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሁሉም ደንበኛ ፍለጋ የመጡ ነበሩ። ሁሉም ሽንኩርት ተሸክሞ የመጣበት ገበያ አስበው ያውቃሉ? «ደንበኛ» በአማርኛችን ሁለት ፍች አለው፤ አንደኛው ገዢ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ትክክለኛ፣ እውነተኛ ማለት ነው፤ በዚያ ቀን ከሁለቱ አንዱም አልተገኘም።

አምስተኛ፤ ይህ ቅሬታ ሳይሆን ጥያቄ ነው። በእኛ ዳርቻ ታንኳ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚገባበት ገዢው አይደለም፤ ሠሪው ነው። ብቻውን ሆኖ ውሃው ጠልቆ መቅዘፊያው መሬት እስከማይነካበት ድረስ ይወጣል፣ ገዢው ከዳር ሆኖ ያያል፣ ሠሪው እግሩ ሳይረጥብ ከተመለሰ በኋላ ስለ ዋጋ መነጋገር ይጀመራል። «ሠሪው ይቅደም» እንለዋለን። መስዑድ በዚህ ሕግ ያልተፈተነ ታንኳ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። እኔም በዚሁ ልማድ መሠረት፣ በሰላሳ ዓመትዎ ሦስት ኩባንያ እንዳቋቋሙ ስለሚናገሩ፣ ሥልጠና ከመሸጥዎ በፊት ምን ሸጠው እንደሚያውቁ በተማሪዎችዎ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ጠየቅሁ። ዳቦ ይሁን፣ ሲሚንቶ ይሁን፣ ጨው ይሁን ግድ የለኝም፤ ብቻ አንዲት ታንኳ፣ እርስዎ ቀድመው የገቡባት። መልሱ ፈጣን ነበር። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከቡድኑ ተባረርሁ፤ ረዳትዎም ለመስዑድ ለብቻው ጽፈው «አሉታዊ ሰዎችን ከሕይወትህ አርቅ» ብለው መከሩት። አሉታዊዋ ሰው ጠዋት ቁርሱን ሠርታለት ትምህርት ቤት ሄዳ ነበር።

ስድስተኛ፤ አሁን ወደ ሦስተኛው ሳምንት እመለሳለሁ፣ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም እሱ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ተማሪዎች ሁሉ ስለ ስኬታቸው እንዲመሰክሩ የቤት ሥራ ይሰጣቸዋል። ስኬቱ ገና እንዳልመጣ መስዑድ በትሕትና ቢያስታውስ፣ ስኬት ሲጠሩት ይመጣልና መጀመሪያ መስክርለት ተባለ። ባለቤቴ በሐሰት መመስከርን ስለሚፈራ ወረቀቱን ባዶ ተወው። ያን ጊዜ የእርስዎ ሰዎች ለእሱ ብለው ጽፈው ላኩለት፣ ኮት ይዘው መጡ፣ ሐይቁ ዳር አቁመው አስነበቡት፣ ይህ ለሥልጠናው የውስጥ ልምምድ ብቻ ነው አሉት። በማግሥቱ በየገጹ ወጣ። ከቪዲዮዋ በላይ በትልልቅ ፊደል «የታንኳ ሠሪው የመስዑድ ምክስርነት» ይላል።

«ምክስርነት»። ስሕተቱን ካላዩት እጠቁምዎታለሁ፤ «ስ» እና «ክ» ቦታ ተለዋውጠዋል። ማንም ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ መስዑድ ግን ይህን አይሳሳትም። ፊደል የቆጠረው ከተጋባን በኋላ ነው፤ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠን፣ በመጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎ የልጆቹን ስም እያልን፣ ሁለት ዓመት ፈጅቶብን ነው የተማረው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደልን እንደ ዕቃ ይጠነቀቅላታል፤ የሱቅ ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ቃል ሲያይ እንኳ ቆሞ ያርማል። ስለዚህ ቃሉ የእሱ አለመሆኑን ያወቅሁት ሳይነግረኝ ነው።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል፤ እኔም የዓሣ አገር ሰው ነኝና ጎረጎርሁ። በገጾችዎ ላይ ያሉትን ምስክሮች አንድ በአንድ አነበብሁ። ከይፋግ ሩዝ አምራች ነኝ የሚል አለ፤ ከጢስ ዓባይ ሱቅ ነበረኝ የሚል አለ፤ ከሰባታሚት ዶሮ አረባ ነበር የምትል አለች፤ ሾፌር አለ፣ ነርስ አለች፣ የባንክ ሠራተኛ አለ። አርባ አንድ ናቸው፤ አርባ አንዱም «ምክስርነት» ብለው ጽፈዋል። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመት የፈተና እርማት ያወቅሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ልጆች አንድ ስሕተት ሊጋሩ እንደሚችሉ ነው። አርባ አንድ ተማሪ አንድ ስሕተት ከተሳሳተ ግን መምህር የሚጠራው አርባ አንዱን ሳይሆን ያስኮረጃቸውን ነው። ክቡር ሆይ፣ በአክብሮት ጠርቼዎታለሁ።

መጀመሪያ ስቄ ነበር፣ አልደብቅዎትም። «ምክስር» የሚባል ቃል በአማርኛ የለም፤ ቢኖር ግን ዘመዶቹ ከሰረ፣ አከሰረ፣ ኪሳራ የሚባሉት ነበሩ። ከማሠልጠኛዎ ከወጡት ቃላት ሁሉ አንዱን እውነተኛ ቃል የጻፈው እንዲህ ሳያስብ የተሳሳተ ጣት ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ሳቄ ጠፋ።

ሰባተኛ፤ ሳቄ ስለጠፋበት ምክንያት። ዘጠኙ ሰዎች ከሄዱ በኋላ ወደ መስዑድ ሥልጠና ማንም አልገባም። ለእርስዎ ቢጽፍ ችግሩ ሥልጠናው ሳይሆን አመለካከቱ እንደሆነ፣ ውስጡ ያለው ድሃ ገና እንዳልሞተ መለሱለት። ባለቤቴ አመነዎት። ያልሠራ ትምህርት ሸጠው ጥፋቱን ለተማሪው ማሸከምዎ በመምህርነት ሙያ ውስጥ ያላየሁት ጥበብ ነው፤ እኔ ክፍሌ ሙሉ ቢወድቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እሱ ግን ራሱን ሲወቅስ ከረመ፤ ታንኳ ሠርቶ የማያውቅ ይመስል ደንገሉ ደርቆ ተሰባበረ፣ ማጭዱ ዛገ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቪዲዮዋ አንድም ቀን ሳታርፍ ትስቅ ነበር። ጎረቤታችን ግሩም፣ በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ጨዋ ሰው፣ ቪዲዮዋን አይቶ ወደ እርስዎ ማሠልጠኛ ከፍሎ ገባ። ሦስት ዓሣ አጥማጆችም ገቡ። አንዳቸውም አልሰደቡትም፣ አንዳቸውም በሩን አላንኳኩም፤ ሲያገኙት «ደህና ዋልህ» ብለው ያልፋሉ፣ እሱ የሚሞተው በዚህች ሰላምታ ነው። ወደ ሐይቁ ዳር በቀን መውረድ ተወ። ጠዋት ሰው እንዳያየው በመስጊዱ ጀርባ ዞሮ ይሄዳል። የከፈልነውን ገንዘብ አላነሣብዎትም፤ የሚሠራ እጅ እስካለ ይተካል። እኔ የተናደድሁት፣ በጣም የተናደድሁትም፣ በዳርቻው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ይሄድ የነበረ ሰው ጥላውን ሲሸሽ ስላየሁ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ የመስዑድ ስም ግን ባለቤቱ በሕይወት ሳለ የእርስዎ መጥሪያ ሆኖ ይውላል።

ከዚህ በኋላ ተራ ቁጥር አልሰጥም፤ ይህኛው ከቅሬታም ከምስጋናም አይመደብም።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አባባ አብዱልከሪም ወደ ቤታችን መጡ። ለመስዑድ የታንኳ ሥራን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፣ ወገባቸው መታጠፍ ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ከልጃቸው ከኡሙልኸይር ጋር ይኖራሉ። የልጃቸውን ስልክ በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ነበር። ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁ፣ ከዚያም ፌስታሉን ፈትተው ስልኩን ለመስዑድ ዘረጉለት። ቪዲዮዋ ክፍት ነበረች። ኡሙልኸይር እንዳሳየቻቸው፣ ደጋግመው እንዳዩት፣ በጣምም እንደኮሩበት ነገሩን። ወገባቸው ለደንገል ባይሆንም አፋቸው ገና ደህና እንደሆነ፣ እንዲህ ተቀምጦ በመናገር የሚሠራ ሥራ ካለ ለልጃቸው ሸክም ከመሆን እንደሚያድናቸው፣ ለመግቢያው የሚሆን አንድ ወይፈን እንዳላቸውና ገዢም እንደተገኘ አስረዱ። የመጡትም የሚነካውን ቦታ ስለማያውቁት መስዑድ ነክቶ እንዲያስገባቸው ነበር።

መስዑድ ስልኩን ተቀብሎ የገዛ ፊቱን አየ። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ብናገርለት ወደድሁ፣ ግን ይህን እኔ ልናገርለት አልችልም ነበር። ለወራት ያልወጣው ቃል በመጨረሻ ወጣ።

«አባባ፣ ፊቱ የኔ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ አይደለም። እኔ አንድም ሰው አላገኘሁበትም። ወይፈንዎን እንዳይሸጡ።»

ሽማግሌው አልተቆጡም፣ አልደነገጡምም። ስልኩን ከእጁ ተቀብለው ቀስ ብለው በፌስታሉ ጠቀለሉት፤ ከዚያም ቀና ብለው እንዲህ አሉት።

«ሰውየውንማ የት አውቄው፤ አንተን አምኜ ነው እንጂ የመጣሁ።»

ክቡር ኮች ቴዎ፣ የቢዝነስዎን አሠራር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በደብተር ስጽፍ፣ በቀስት ሳገናኝ፣ ከነጻው ወደ መግቢያው፣ ከመግቢያው ወደ ክበቡ እያልሁ ስደክም ከርሜያለሁ። አባባ አብዱልከሪም በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱኝ። እርስዎ ሥልጠና አይሸጡም፤ ሥልጠናው መጠቅለያው ነው። የሚሸጡት ሰው በሰው ላይ ያለውን እምነት ነው፤ ያ እምነት ደግሞ የእርስዎ አልነበረም። መስዑድ ሃያ ዓመት ሙሉ ታንኳ በታንኳ የሰበሰበውን በሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ወሰዱበት፤ ዛሬም በእሱ ስም ከማያውቁት ሽማግሌ ደጃፍ ወይፈን ሊነዱ ነበር።

ስለዚህ ፊቱን ይመልሱልኝ። ሌላውን ሁሉ ይያዙት፤ ኮቱን፣ ክበቡን፣ አደይ አበባውን። የቀሩት አርባ ሰዎችም እንደ መስዑድ አንድ መንደር፣ አንድ መምህር፣ አንድ የሚያፍሩበት ደጃፍ እንዳላቸው እገምታለሁና የእነሱንም ቢጨምሩ ግድ አይለኝም።

በማያልቀው ትዕግሥትዎ፣ በማይሞላው ክፍልዎ፣ አድራሻ በሌለው ቢሮዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለብዙ ዓመታት እንዲያሠለጥኑ ሳይሆን አንድ ቀን የሆነ ነገር እንዲሠሩ ከልብ እየተመኘሁ፣ ምላሽዎን በአክብሮት የምጠብቅ

አሉታዊዋ ሰው
መምህርት ዘሊካ፣ የታንኳ ሠሪው የመስዑድ ሚስት
ከጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

ማስታወሻ፦ ቪዲዮዋን ለማንሣት ጊዜ ካጡ አይጨነቁ። መስዑድ ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ግሩምንና ሦስቱን ዓሣ አጥማጆች ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል፤ አሁን ስለ ማሠልጠኛዎ ለጠየቀው ሁሉ እየዞረ በራሱ ቃል ይመሰክራል። እስከ ትናንት ድረስ አሥራ አንድ ሰው ሰምቶ ተመልሷል፤ ነገ ደግሞ ወደ ይፋግ ሊሄድ ነው፣ ስለ እርስዎ የመሰከረውን ሩዝ አምራች ፈልጎ ሊያገኘው። ሰውየው በእርግጥ ካለ ስሙን ይላኩልን፤ ከሌለም ያለመኖሩን በይፋ ለመግለጽ እንድንችል ያሳውቁን።